በደብልዩ ይከፈት

ጥበብ ወደ ሆሳዕና የገባችው በጭነት መኪና ነው። ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር ተጭና፣ «ይህ ወገን ወደ ላይ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባት፣ ተገልብጣ መጣች። ዘመኑ የሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ አብዮቱ ሁሉን አሸንፎ የሚያሸንፈው ያጣበት ወቅት ነበር። መሥሪያ ቤቱን በስሙ አልጠራውም። ከጠራሁት ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች «እኛ ምን አንሰን ቀረን?» ብለው ይቀየሙኛል።

ኮምፒዩተር የሚባለው ይህ ጥበብ በሊቀመንበሩ በጓድ ወንዳፈረው ቢሮ፣ ከጓዱ ወንበር ትይዩ ተቀምጦ ዳንቴል ለበሰ። ሊነካው የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ ተልኮ «ሲ» የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ተምሮ የተመለሰው የአገሩ ልጅ ብዙነህ። ጓድ ወንዳፈረው ገና በመጀመሪያው ቀን ጠርተው መረመሩት።

«ይህ ሲ የምትለው የማን ቋንቋ ነው?»

«የኮምፒዩተሩ ነው ጓድ።»

«እሱን አላልኩህም። የምሥራቁ ነው የምዕራቡ?»

ብዙነህ ሐዲይኛም አማርኛም አቀላጥፎ የሚናገር፣ በሁለቱም ዝም ማለትን የሚያውቅ ሰው ነው። ትንሽ አሰበና «የሠራተኛው መደብ ነው ጓድ፤ የሚሠራበት ሠራተኛ ብቻ ነው» አለ። ቋንቋው በዚሁ አለፈ።

ችግሩ የመጣው በምርቃቱ ዕለት ነው። ሠራተኛው፣ የቀበሌ ተጠሪዎች፣ ከአንጋጫና ከሙዱላ የተጠሩ እንግዶች ሳይቀሩ አዳራሹን ሞልተውታል። ብዙነህ ጉሮሮውን ጠረገና «አሁን ፋይል እከፍታለሁ» ሲል አዳራሹ በሁለቱም በር ፈሰሰ። በመስኮት የወጡም ነበሩ። አይፈረድባቸውም። በዚያ ዘመን በከተማችን «ፋይል ተከፈተበት» የተባለ ሰው ቤተሰቡ ስንቅ ማመላለሻ ሳህን ይገዛለት ነበር።

ምክትል ሊቀመንበሩ ጓድ ቸኮል ብቻ ከበሩ ጀርባ ራሱን ብቅ አድርጎ፣ «በማን ላይ?» ብሎ ጠየቀ።

«በማንም ላይ አይደለም። እንዲሁ መክፈት ነው።»

«እንዲሁ የተከፈተ ፋይል አይተን አናውቅም» አለ ጓድ ቸኮል፤ እውነቱን ነበር።

የሆነው ሆኖ የከተማው ሰው ፋይል ሁሉ ወደ ኮምፒዩተሩ ተገለበጠ። ወረቀቱ ለኅብረት ሱቅ ተሰጥቶ የጨው መጠቅለያ ሆነ። ከተገለበጡት አንዱ የዋለ ፋይል ነበር። ዋለ የፎንቆ ተወላጅ አናጢ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው እስኪታሸግ ድረስ የመዘምራን መሪ ነበር። ጓድ ወንዳፈረው በስብሰባ ላይ ረጅም ንግግር አድርገው «…አድኃርያን ይደመሰሳሉ!» ብለው ሲደመድሙ፣ ሌላው ግራ እጁን ወደ ላይ ወረወረ፤ ዋለ ግን በልማድ አምልጦት፣ ዓይኑን እንደጨፈነ «አሜን!» አለ። ንግግርን ወደ ጸሎት በመለወጥ ወንጀል ተያዘ። ዋለ እዚያው ዋለ፤ አደረም። ከረመም።

ሚስቱ ጣቢታ ጠዋት ጠዋት ቆጮዋን በቅጠል ጠቅልላ ለባሏ ታደርስና ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ ትሄዳለች።

«ጓድ ጌታዬ፣ የባለቤቴን ነገር እንዴት አደረጉልኝ?»

«ጓድ በይኝ ወይም ጌታዬ በይኝ፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።»

«እሺ ጓድ ጌታዬ። መቼ ይፈታል?»

«ፋይሉ ሲታይ።»

«መቼ ይታያል?»

«ሲከፈት።»

በዚህ መካከል ብዙነህ ስለ ፋይል አከፋፈት ለአመራሩ ማብራሪያ እንዲሰጥ ታዘዘ። ምስኪን፣ የተማረውን ሁሉ ተናገረ። በሲ ቋንቋ ፋይል ሲከፈት በምን መንገድ እንደሚከፈት ለኮምፒዩተሩ በአንድ ፊደል ይነገረዋል አለ። «አር» ከተባለ ፋይሉን ማንበብ ብቻ ነው። «ኤ» ከተባለ የነበረው ሳይነካ ከመጨረሻው ላይ ይቀጠላል። «ደብልዩ» ከተባለ ግን ፋይሉ ከሌለ ይፈጠራል፤ ካለም ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋና ከባዶ ይጀመራል።

ጓድ ወንዳፈረው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ጓዶች! ማንበብ ብቻ ምንድን ነው? ዓለምን እያዩ ዝም ማለት ነው፤ ይህ የአድርባይ ፊደል ነው። በነበረው ላይ መቀጠልስ? ይህ ግልጽ ጥገናዊ ለውጥ ነው፤ እዚህ ቤት ቦታ የለውም። አሮጌውን ደምስሶ፣ የሌለውን ፈጥሮ፣ ከባዶ መጀመር ግን… ይህ ፊደል ማነው ስሙ?»

«ደብልዩ፣ ጓድ።»

«ጓድ ደብልዩ የኛ ነው!»

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ማንኛውም ፋይል ከእንግዲህ በደብልዩ ብቻ እንዲከፈት የአቋም መግለጫ ወጣ። ብዙነህ እጁን አወጣ።

«ጓድ፣ እንደዚያ ከከፈትነው እኮ ያለው ይጠፋል።»

«ምን ያለው?»

«በፋይሉ ውስጥ ያለው።»

«አሮጌው ሲጠፋ የሚያዝን ማን ነው?» ብለው ጓድ ወንዳፈረው ቤቱን ሲያዩ፣ ቤቱም ብዙነህን አየው። ብዙነህ እጁን አወረደና ፕሮግራሙን በውሳኔው መሠረት አስተካከለ። ብልህ ሰው ነው አልኳችሁ።

ጣቢታ ይህን አላወቀችም። በማግስቱ መጥታ «ዛሬ ሳይከፈት አልሄድም» ብላ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ሊቀመንበሩም አዲሱን አሠራር ለማሳየት አመቺ ጊዜ ሆነላቸውና «ክፈትላት!» አሉ። ብዙነህ እያቅማማ ከፈተ። የዋለ ስም ከላይ ታየ፤ ከሥሩ ምንም አልነበረም።

«ምን ይላል?» አለች ጣቢታ።

«ባዶ ነው እትዬ።»

«ተመስገን! ጥፋት የለበትማ! ይፈታል!»

«እንዴት ሆኖ?» አሉ ጓድ ወንዳፈረው። «ባዶ ማለት ጥፋቱ ገና አልታወቀም ማለት ነው። የታወቀ ጥፋት ይለካል፤ ያልታወቀን ጥፋት ግን በምን እንለካዋለን? ቁጥጥሩ ይጠንክር።»

ጣቢታ ያን ቀን አለቀሰች። እኔም ሳያት አንጀቴን በላችኝ፤ ግን አንጀቴ በአቋም መግለጫው ውስጥ አልተጠቀሰም።

ብዙም ሳይቆይ ጓድ ወንዳፈረውን ለከፍተኛ ሹመት የሚመለከት ልዑክ ከበላይ አካል እንደሚመጣ ተሰማ። ሊቀመንበሩ ለዝግጅት ሁሉም ፋይል በአዲሱ ፊደል እንዲከፈት አዘዙ፤ በአርአያነትም የራሳቸው ይቅደም አሉ። ቀደመ። የከተማዋ ፋይል በሙሉ ውስጡ ካለው ጽሑፍ አንድ ላይ ነጻ ወጣ።

ልዑኩ መጣ። አዳራሹ እንደገና ሞላ፤ ኮምፒዩተሩም ዳንቴሉ ተነሥቶለት መድረክ ላይ ወጣ። የልዑኩ መሪ መነጽራቸውን አድርገው የኮምፒዩተሩን መስተዋት አዩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አዩ።

«በዚህ ስም የተመዘገበ ታሪክ የለም። አንተ ማን ነህ?»

«ወንዳፈረው ነኝ እኮ ጓድ!»

«ፋይልህ አያውቅህም። ጠላት የሰውን ስም ይዞ እንደሚገባ ታውቃለህ?»

«ኧረ ሕዝቡ ያውቀኛል! ሕዝቡ ይጠየቅ!»

መሪው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?»

እንግዲህ የሆሳዕና ሕዝብ በጓድ ወንዳፈረው እጅ በሚገባ የሠለጠነ ነው። «እገሌን ታውቃለህ?» ሲባል «አውቃለሁ» ያለ ሰው ከእገሌ ጎን እንደሚታሰር ስንት ጊዜ አይቷል።

«አናውቀውም!» አለ በአንድ ድምፅ።

ጓድ ወንዳፈረው ወደ ምክትላቸው ዞሩ። «ቸኮል! አንተ እንኳ!»

«መልካቸው አዲስ አይደለም» አለ ጓድ ቸኮል፣ ዓይኑን ከሊቀመንበሩ ወንበር ሳያነሣ። «ግን ከዚያ ያለፈ ትውውቅ የለንም።»

ጓድ ወንዳፈረው እንደ እንሰት ቅጠል ተልፈሰፈሱ። በዚህ ጊዜ ከኋላ ጣቢታ ተነሣች።

«ባለቤቴ በደንብ ያውቃቸዋል፣ ጓድ ጌታዬ። ግን ታስሯል።»

«እስረኛ ምስክር አይሆንም» አሉ መሪው።

«ተፈቷል!» ብለው ጮኹ ጓድ ወንዳፈረው። «አሁን ተፈቷል! ሩጡ አምጡት!»

ዋለ ጢሙ አድጎ፣ ብርሃኑ ዓይኑን እየወጋው ገባ። ጣቢታ እጁን ጨብጣ ይዛ፣ መልቀቂያው በሊቀመንበሩ እጅ ተፈርሞ ማኅተም እስኪያርፍበት ድረስ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ ከለከለችው። ማኅተሙ ሲያርፍ ለቀቀችው።

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ?»

«አውቃቸዋለሁ። ያሰሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«በምን ጥፋት?»

«ንግግራቸውን ሲጨርሱ ‹አሜን› ብያለሁ።»

መሪው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «በመላው አውራጃ ንግግርህን ከልቡ የተቀበለ አንድ ሰው ተገኘና እሱን አሰርከው?»

ጓድ ወንዳፈረው አጣብቂኝ ውስጥ ገቡ። አላሰርኩትም ካሉ የሚያውቃቸው ሰው የለም፤ የሚያውቃቸው ከሌለ እሳቸውም የሉም። ላባቸውን ጠርገው፣ ግራ እጃቸውን ወደ ላይ ወርውረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አዎ! ያለ ምንም ጥፋት ያሰርኩት እኔ ነኝ! ይመዝገብልኝ!»

ብዙነህ ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ እንዳሳረፈ ቀና አለ። «እንዲህ ብዬ ልጻፈው ጓድ?»

«ቃል በቃል ጻፍ! ስሜን አትሳሳት!»

እዩት እንግዲህ ይህን ትልቅ ሰው! ሌላ አለቃ በደሉን ሲጠየቅ ይክዳል፤ የኛ ግን በሕዝብ ፊት፣ በራሱ አንደበት፣ እየለመነ አስመዘገበ። ጣቢታ የባሏን ክንድ ሳብ አድርጋ «ሌላ ሳይጨምሩበት እንሂድ» አለችው፤ በጓሮ በር ወጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

የልዑኩ መሪም በፋይሉ ውስጥ ያለችውን ብቸኛ መስመር አነበቧት። ከዚያ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሥራ ልምድ አለው» አሉ፤ ሹመቱም ጸደቀ።