ጥፋት የማይነካው የውሃ አባት

በዓለም ላይ ባለቤት ያጣ ጥፋት የለም፤ ባለቤቱ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ይህን ያስተማረኝ ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለው መስኖ ላይ ውሃውን ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍለው ክቡር የውሃ አባታችን፣ አያ ታሂር ነው።

በሬው የጎረቤት ማሽላ በላና ሽማግሌ ተቀመጠ። አያ ታሂር ረጋ ብሎ፣ «ማሽላው ነው እንጂ ድንበር አልፎ ቅጠሉን የዘረጋለት፤ በሬ ሲጋብዙት እንቢ አይልም» አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጎብዬ ከተማ ለሠርግ ተጠርቶ በተቃራኒው ወደ አላማጣ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረና ምሳው አለፈው። «ረዳቱ ጫት ጎርሶ ነው የጠራው፤ አላማጣ ይበል ጎብዬ በምን ልለየው? እኔማ ምን በወጣኝ።»

እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ሻይ ቤት ስንቀመጥ እሱን እየቀዳሁ ባልደረቦቼን አስቃለሁ፤ ሰው ጥፋቱን ማመን እንዳለበትም አስተምራለሁ። አሳምሬ ነው የማስተምረው።

ባለፈው ጥር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተራው የእትዬ ኡሙሃኒ ነበር። ባላቸው ሞተው ብቻቸውን የሚያርሱ ሴት ናቸው፤ የዓመቱ ተስፋቸው አንድ የሽንኩርት ችግኝ መደብ ነው። አያ ታሂር አካፋውን ሰጠኝና፣ «የአስር ሶላት ሰግጄ ልምጣ፤ መደቡ ሲጠግብ ቦዩን ድፈንልኝ፣ አደራ» ብሎኝ ሄደ።

አካፋውን ተደግፌ ስልኬን ከፈትኩ። የማላውቃቸው ሰዎች በእግር ኳስ ይሰዳደባሉ፤ ገላጋይ ሆኜ ገባሁ። ቀና ስል መደቡ ኩሬ ሆኗል፤ ችግኙ እንደ ገለባ ተንሳፍፏል።

እትዬ ኡሙሃኒ ደረሱ። የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ማነው ልጄ፣ ውሃውን እንዲህ የለቀቀው?» አሉኝ።

አፌ ቀደመኝ። «አያ ታሂር ረስቶት ሄዶ ነው መሰለኝ።»

አያ ታሂር ከመስጊድ ሲመለስ ይህንኑ ነገሩት። ነፋሱን ወይም ፀሐይዋን እስኪከስ ጠበቅሁ። እሱ ግን መጀመሪያ አካፋውን፣ ቀጥሎ ስልኬን፣ ከዚያ ፊቴን አየ።

«እንግዲህ ረስቼ ይሆናል። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እህቴ» አለ።

በማግስቱ እውነቱን ልናገር ስሄድ አያ ታሂር ከእትዬ ኡሙሃኒ ጋር ጭቃው ላይ ተንበርክኮ አዲስ ችግኝ ይተክላል።

«እትዬ ኡሙሃኒ፣ ቦዩን ሳልደፍን የቀረሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቄያለሁ። ታሂር በሌላ ይታማል እንጂ በውሃ አይታማም» አሉና እግሬን አዩ። «ጫማህን አውልቅና በዚያ ጫፍ ጀምር።»

ጎን ለጎን ስንተክል፣ «ይሄን ሁሉ ችግኝ ከየት አመጣኸው?» ብዬ አያ ታሂርን ጠየቅሁት።

«ፈሪሀ ናት የላከችኝ» አለ ቀና ሳይል። «ሚስቴን ታውቃታለህ፤ ነዝንዛ ነዝንዛ አስነሳችኝ። እኔስ ልተኛ ነበር።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ፈሪሀን መንገድ ላይ አገኘኋት። ተናዳለች።

«ይሁኔ፣ የኛን ችግኝ ግማሹን ነቅሎ የወሰደው ምንድን ነው? ታሂርን ብጠይቀው ዝንጀሮ ነው ይለኛል።»

«ዝንጀሮ ነው» አልኳት። «እኔም አይቼዋለሁ።»