ጀውሃ ላይ የተጠረዘው ዓመቴ

ቤቴ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ታይፔን ነው። ቀጥሎ እኔን ያያል። ከዚያ «ይሄ ነገር አሁንም ይሠራል እንዴ?» ይላል። ስለ ታይፑ ነው የሚጠይቀው ብዬ አምናለሁ።

ይሠራል። እኔና እሱ እዚሁ ሸዋ ሮቢት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ኮምፒውተር ሲመጣ እሱን መጋዘን ከተቱት፣ እኔን ደግሞ ጡረታ አወጡኝ። በኋላ አሮጌ ዕቃ ሊወገድ ነው ሲባል ሰማሁና ሄጄ አወጣሁት። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው ወደ ቤት የወሰድኩት። ሹፌሩ በመስታወት እያየ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ባልደረባዬ ነው አልኩት።

ታዲያ ምን ትጽፊበታለሽ አትሉኝም? ውሎዬን ነዋ። ጠዋት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ትናንት የሆነውን አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ገጹ ሲያልቅ አቆማለሁ። ነገሩ ባያልቅም አቆማለሁ። በእስክሪብቶ አትጽፊም ወይ የሚሉኝ አሉ። ጣቶቼ እስክሪብቶ ሲይዙ ያፍራሉ። ደግሞ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ታይፕ የሰው ሐሳብ ስጽፍ ኖሬ የራሴን አንድ መስመር ጽፌበት አላውቅም ነበር። ይሄ ነገር ያበሳጨኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

መጀመሪያ ግን አልሆነልኝም። ልማድ ክፉ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ገጽ አሁን ሳየው «ጉዳዩ፦ የዕለት ውሎን ስለመግለጽ» ብሎ ይጀምራል። መጨረሻው ላይ «ከሰላምታ ጋር» አለ። ከሥሩ ደግሞ «ግልባጭ፦ ለማኅደር»። ሽሮ አርሮብኝ እንደነበር ለማኅደር ሳሳውቅ ማለት ነው። ለመተው አንድ ወር ፈጀብኝ።

ሌላው ችግር ሪባን ነው፣ የታይፑ ባለ ቀለም ጥብጣብ። በእኛ ቆላ ሪባን ቶሎ ይደርቃል። በላስቲክ ጠቅልዬ ከውኃ እንስራው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ከጣርማ በር ማዶ፣ ደጋው ላይ ያሉት ዘመዶቼ ይሄን ስነግራቸው አይገባቸውም። እነሱ ዘንድ የታጠበ ልብስ ራሱ አይደርቅም።

ድምፁስ? ስለ ድምፁ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በእኛ ከተማ የታይፕ ድምፅ የሰማ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክስ። ከጓሮዬ ጋሽ በለጠ የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ። አጥራቸው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። እኔም ዝም አልኩ፣ እሳቸውም ዝም አሉ። መጻፍ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት መጡና፣ ጤናዬን ጠይቀው፣ የልጆቻቸውን ጤና ነግረውኝ፣ ለመሆኑ ጠዋት ጠዋት ምንድን ነው የምትጽፊው አሉኝ። የሆነውን ሁሉ ነው የምጽፈው አልኳቸው፤ እውነትም ነው። ፊታቸው ጠቆረ። ቅዳሜ ስነሳ አጥሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል። እስከ ዛሬ ስለ አጥሩ አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም። ለሳቸው ግን አልነገርኳቸውም።

እንግዲህ ዓመቱ ሲያልቅ ወረቀቱ ይከመራል። የተከመረ ወረቀት ደግሞ መጠረዝ አለበት፤ ያለዚያ አንድ ቀን እሳት ማቀጣጠያ ይሆናል። የመጀመሪያውን ዓመት ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። ልጅቷ በላስቲክ ሽቦ ጠርዛ ሰጠችኝ። በሳምንቱ ገበያ ላይ አገኘችኝና «እትዬ አስካለ፣ ያቺ የጠፋችው ዶሮ ተገኘች?» አለችኝ። ለማንም አላወራሁም ብላ ማለችልኝ። ምን ላድርግ? እዚያው ቆሜ የዶሮዋን መጨረሻ ነገርኳት። ጥሩ ነው፣ ግን እሱንም ብትጽፊው ኖሮ አለችኝ።

ያን ቀን ወሰንኩ። ሁለተኛውን ዓመት የሚጠርዝልኝ ሰው አማርኛ ማንበብ የማይችል መሆን አለበት። ምክንያቱም ሁለተኛው ዓመት ውስጥ ዘይነባ ነበረችበት።

ዘይነባ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ናት። ገበያ ውስጥ ማንጎና ሽንኩርት ትሸጣለች። በሷና በእኔ መካከል የሆነው እንዲህ ነው። በእኛ አገር ሙስሊሙ ድግስ ሲደግስ ክርስቲያን ጎረቤቱን ጾሙን አያሳድርም። ለክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል፣ ሳህኑም ለብቻ ነው። ይሄን የክርስቲያኑን ድስት የሚይዘው ደግሞ የቤቱ ሰው የሆነ ክርስቲያን ነው። ክብሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ድስቱ አጠገብ ቆማችሁ ወንዱን ሁሉ ታዛላችሁ፤ እንጨት አምጣ፣ ውኃ ጨምር፣ ከዚህ ዞር በል። በዘይነባ ቤት ድስቱን የምይዘው እኔ ነኝ። የሦስት ልጆቿን ሰርግ ይዣለሁ፣ የእናቷንም ሰደቃ።

ጥር ላይ የመጨረሻ ልጇን ሐያትን ዳረች። እኔም እሁድ ማለዳ ጭልፋዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ። ስደርስ ድስቱ አጠገብ ሆቴል ቤት ወጥ የምትሠራው ጥሩነሽ ቆማለች። በሌላ ሰው ጭልፋ ታማስላለች። ዘይነባ ስታየኝ ሮጣ መጥታ፣ ሳመችኝና፣ «ነይ፣ አንቺ ዛሬ እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። እንግዳ! ተቀመጥኩ። ጭልፋው ከቦርሳዬ እጀታው ወጥቶ ለሰው ሁሉ ይታይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር አልተነጋገርንም። እሷ አንድ ቀን መጣች፤ እየጻፍኩ ነው ብዬ አልከፈትኩም። ሌላ ቀን መጣች፤ ታይፑን ከፊቱ አብልጬ መታሁት። ታይፕ እንግዳ ለመመለስ እንዲህ እንደሚጠቅም አላውቅም ነበር። የልቤን ሁሉ ለወረቀቱ ነገርኩ። ስሟን ግን አልጠራሁም። «ያቺ ሴትዮ» ነው የምላት። ያቺ ሴትዮ እንዲህ አለች፣ ያቺ ሴትዮ እንዲህ ሆነች፣ እያልኩ እስከ ጳጉሜ ደረስኩ።

ጠራዥ ሳስብ አጠገባችን ጀውሃ ከተማ ያሉት ሼህ ሰይድ ትዝ አሉኝ። ኪታብ፣ የእስልምናውን የዓረብኛ መጽሐፍ፣ ይጠርዛሉ፣ በፍየል ቆዳ፣ በእጃቸው ሰፍተው። የዘይነባ አጎት ናቸው፤ አንድ ጊዜ የአባቷን ኪታብ ልናስጠርዝ አብረን ሄደን ነው ያወቅኳቸው። ታዲያ እንዴት ደፈርሽ ትሉኝ ይሆናል። ሒሳቤ ቀላል ነው። ሼህ ሰይድ ዓረብኛ ነው የሚያነቡት። የአማርኛ ፊደል አልቆጠሩም። ሚኒባስ ይዤ ሄድኩና፣ ለማረጋገጥ፣ አማርኛ ያነባሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አላነብም ልጄ። አላህ አላለልኝም» አሉኝ።

ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አፈርኩ። ወረቀቱን ተቀበሉኝና በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። በየጠዋቱ አንድ ገጽ እንደምጽፍ ስነግራቸው ወደዱት። እኛም ጠዋት ጠዋት ዚክር እናደርጋለን፣ አላህን እናወሳለን፣ ያንቺም እንደዚያው ነው አሉኝ። ውስጡ ያለውን ቢያውቁ እንደዚያ አይሉም ነበር።

በሁለት ሳምንቱ ልቀበል ሄድኩ። እንዲህ ያለ ነገር በስሜ ይሠራል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቡናማ ቆዳ፣ በዙሪያው የተዳመጠ ሐረግ፣ እንደ ኪስ ክዳን የሚታጠፍ ልሳን ያለው። እጄ ላይ ሳስቀምጠው ዕንባዬ መጣ። አልሸሽግም፣ ደስ አለኝ።

«ትንሽ አስቸግሮን ነበር» አሉ ሼህ ሰይድ። «አስፋልቱ ዳር ተቀምጬ ስሠራ ተሳቢ መኪና ሲያልፍ ንፋሱ በተነው። ቀኑን ደግሞ እኔ አላነበው። ዘይነባ ናት ያስተካከለችልን።»

«ዘይነባ?»

«አዎ፣ ለመውሊድ መጥታ ሦስት ቀን ሰንብታ የለ። አንድ በአንድ እያነበበች ደረደረችው። መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ኋላ ግን ዝም አለች።»

ወደ ቤት እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። ጥራዙን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ያልኳትን ሁሉ አንብባለች። ኩርፊያ እኮ አንድ ቀን ይበርዳል። የተጻፈ ነገር ግን እንዴት ይበርዳል? በቃ፣ አለቀ፣ ዘይነባን አጣኋት አልኩ።

ቤት ገብቼ ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ ባዶ ነው። አንዱን ስገልጥ ጳጉሜ መጣ። ለካ ሼህ ሰይድ እንደ ኪታብ በቀኝ በኩል ነው የጠረዙት። ኪታብ የሚጀምረው የእኛ መጽሐፍ በሚያልቅበት በኩል ነው። እኔ ደግሞ እንደ ለመድኩት ከግራ ስገልጥ ዓመቱ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይሄድልኛል። ገልብጬ ለማንበብ ትዕግሥት አልነበረኝም።

ጳጉሜ ላይ «ያቺ ሴትዮ» የሚለው በእርሳስ ተሠርዟል። ዳሩ ላይ፣ ጠባቡ ቦታ ላይ ተጨናንቆ፣ «ስም አላት» ይላል። የእጅ ጽሑፏን አውቀዋለሁ። መሥሪያ ቤት ሳለሁ በምሳ ሰዓቴ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ነሐሴም ላይ «ስም አላት»። ሐምሌም «ስም አላት»። ሰኔ ላይ፣ ገበያ ውስጥ አይታኝ ፊቷን አዞረች ብዬ የጻፍኩበት ጎን፣ «ፀሐይ ነበር። ወላሂ አላየሁሽም» ብላለች። ግንቦት ላይ፣ ልትሰልለኝ በሬ ላይ መጣች ያልኩበት ጎን፣ «ማንጎ ይዤ ነበር። ለጋሽ በለጠ ሰጥቻቸው ሄድኩ።» ጋሽ በለጠ ማንጎውን በሉት እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

እንዲህ እያልኩ ጥር ደረስኩ። የሰርጉን ቀን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሞልቼዋለሁ። ጎኑ ላይ ስድብ ጠበቅኩ። ያለው ግን «ሰኞን አንብቢ» የሚል ብቻ ነው። ስድስት ቅጠል ገልጬ የዚያን ሳምንት ሰኞ አገኘሁት። ራሴ የጻፍኩት ነው፣ በራሴ ታይፕ፦

«ሰኞ ጉልበቴ አላስቆም አለኝ። ዘይነባ መጥታ ነበር። የዘንድሮውን ድስት አልይዝም፣ ሌላ ሰው ፈልጊ አልኳት። ያላንቺ አይሆንም ብላ ተቆጣች። በገብርኤል ብዬ ገዘትኳት።»

ጉልበቴ ሐሙስ ዕለት ተሻለኝ። ጭልፋዬን የከተትኩት እሁድ ነው። ሰኞን የት እንደጣልኩት እንጃ። ሃያ ስምንት ዓመት ከሰው ደብዳቤ አንድ መስመር ዘልዬ የማላውቅ ሴትዮ፣ ከራሴ ሕይወት አንድ ሙሉ ቀን ዘልዬ ስምንት ወር ተቀየምኩ። ጥራዙ በእኛ ደንብ ተጠርዞ ቢሆን መጀመሪያ ሰኞን አነብ ነበር። ስለ ጉልበቴ ደግሞ በየሳምንቱ ነው የምጽፈው፤ አልፌው ነበር የምሄደው። በኪታብ ደንብ ግን ቂሙን አስቀድሜ፣ ምክንያቱን አስከትዬ ነው ያነበብኩት። ብቻዬን ቁጭ ብዬ አፈርኩ። ማፈር እንዲህ ያሞቃል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ በዚያ ላይ ሸዋ ሮቢት።

ባጃጅ ይዤ ገበያ ሄድኩ። ዘይነባ ሽንኩርት እየመረጠች ነው። ፊቷ ቆምኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ያቺ ሴትዮ ነኝ» አልኳት።

ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፣ ግን አልቻለችም። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት። አፉ ብዬሻለሁ አለችኝ። ወዲያው ግን ጣቷን ቀስራ፣ «ሚያዝያ ላይ ስለ ወጤ ቅመም የጻፍሽውን አልረሳልሽም» አለች። እሱ እውነት ነው ብላት ደግሞ ልንጣላ ነው፣ ተውኩት። ከጆንያው ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። አብረን ስንመርጥ ቆየን፤ እኔ የበሰበሰውን፣ እሷ ደህናውን።

በመጨረሻ ያሰብኩትን ነገርኳት። ታይፑን ልተወው ነው፣ ሰው የሚያስቀይም ነገር ምን ያደርግልኛል፣ ከእንግዲህ የልቤን ለሰው እንጂ ለወረቀት አልነግርም አልኳት። ጥሩ ንግግር ነበር፣ መንገድ ላይ ነው ያዘጋጀሁት። ዘይነባ እጇ ላይ ያለውን ሽንኩርት አስቀመጠች።

«ምን ሆነሻል፣ ጻፊ እንጂ» አለችኝ። «ብቻ ለዘንድሮው ዳሩን ሰፋ አድርገሽ ተይልኝ። ያምናው አልበቃኝም።»