«ሌላ ሰው አለ?»

ትናንት ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ እኔን ብቻ እንቅልፍ በጣለኝ ሰዓት፣ ሕልም አየሁ። በሕልሜ ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንብ ነበር።

ሕልሙን ከመናገሬ በፊት ግን ስለ ራሴ ትንሽ ልንገራችሁ፤ አለዚያ «ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?» ትላላችሁ። የውብዳር እባላለሁ። ሥራዬ ሹሩባ ነው። እግሮቼ ከልጅነቴ ጀምሮ አይታዘዙኝም፤ የምሄደው በእጄ ነው። ነጠላ ጫማ መዳፌ ላይ አጠልቅና መሬቱን እየገፋሁ ደጅ እወጣለሁ፣ ሽንት ቤት እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ክረምት ሲገባ ሞልቶ ወደ ግቢው ይፈሳል። እናንተ በጫማችሁ የምትዘሉትን እኔ በእጄ ነው የምሻገረው። በዚያው እጅ ደግሞ እበላለሁ። ሌላ እጅ ከየት አባቴ ላምጣ?

ዘንድሮ ታዲያ ድልድይ ሥር በሚባለው ሰፈራችን ኮሌራ ገባ። ከወንዙ ማዶ ሰው ሞተ ተባለ። ክትባት መጣ ሲባል እንደ እኔ የተደሰተ አልነበረም። በአፍ የሚሰጥ ነው፣ መርፌ እንኳን የለውም። ታናሽ ወንድሜ ጌጡ አዝሎ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ለካ የሚሰጠው ፎቅ ላይ ነው! ጌጡ ወገቡን ያመዋል። ደረጃው ሥር አስቀመጠኝና «እባካችሁ፣ ወረድ ብላችሁ ስጧት» ብሎ ለመነ። ነርሷ ከላይ ሆና «ስሟ ማን ነው? ትሰማለች? በሉ አውጧት፣ ሰው ይጠብቃል!» አለች። እኔን አላናገረችም፤ እሱን ነው። ሁለት ጎረምሶች ከሰልፉ ወጡና እንደ ጆንያ ብድግ አደረጉኝ። ቀሚሴ ወደ ላይ ተሰበሰበ። የቆመው ሰው ሁሉ «ውይ፣ እግዜር ይማራት» አለ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «አውርዱኝ!» ብዬ ጮህኩ። አወረዱኝ። ሳልከተብ ቤቴ ገባሁና አለቀስኩ።

በኋላ «እስከ ሐሙስ ቤት ለቤት ይሰጣል» ተባለ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሌላው ግቢ ይገባሉ፣ ወደ እኛ አይመጡም። ረቡዕ ሌሊት ዶፍ ወረደና ቤታችን ውሃ ገባ። ስንጨልፍ አደርን። ሐሙስ ሲነጋ ዓይኔ አልገለጥ አለኝ። የጌጡን ሚስት ስንዱን «እኔ ጋደም ልበል፤ ሲመጡ ቀስቅሽኝ፣ አደራ» አልኳት።

«እሺ የውቤ፣ አንቺ ብቻ ተኚ» አለችኝ።

ተኛሁ። ወዲያው ደግሞ ደጅ ነበርኩ። የግቢው ውሃ፣ ጭቃው፣ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ሳይቀር እየተንጠባጠበ ሽቅብ ወጣ። መሬቱ ለእንግዳ የተጠረገ ሳሎን መሰለ። ሽንት ቤቱ ራሱ ጣሪያችን ላይ ወጥቶ ተቀምጧል።

«እዚያ ድረስ ደግሞ ማን ይወጣል?» አልኩ።

«የቸገረው ይውጣ፣ አንቺን ምን አገባሽ?» አለኝ ሽንት ቤቱ።

እውነቱን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽንት ቤት የሚያስጨንቀው ሌላ ሰው ነበር።

ጎረቤታችን ጋሽ ደጀኔ በእጃቸው እየሄዱ መጡ። እግራቸው ሽቅብ ቆሟል፤ ጫማቸው እንደ ወትሮው ተወልውሏል። ዞር ብዬ ሳይ ሰፈርተኛው ሁሉ በእጁ ነው የሚሄደው። ራስ ሁሉ ወርዶ እኔ ፊት መጥቷል። ሴቶቹን ሁሉ በሹሩባቸው ለየኋቸው፤ የእጄን ሥራ አጥቼው ነው? አንገቴን ሳላንጋጥጥ ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን ተያየሁ። እንዴት ያለ እረፍት መሰላችሁ!

«የውብዳር» አሉ ጋሽ ደጀኔ እያለከለኩ፣ «መዳፌ ተላጠ። እስቲ ያንቺን ጫማ አውሺኝ።»

«ምነው ጋሼ፣ እርስዎ ጫማ አለዎት አይደል እንዴ?»

«እሱማ እግሬ ላይ ነው!»

እኚህ ሰውዬ አንድም ቀን «ደህና አደርሽ» ብለውኝ አያውቁም። ባገኙኝ ቁጥር «እግዜር ይማርሽ» ነው የሚሉኝ። አሁን ነው ጊዜው አልኩ በልቤ።

«እግዜር ይማርዎት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ቅር አላቸው። «አልታመምኩም እኮ!» አሉ።

«እኔም» አልኳቸው።

የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት የጤና ጣቢያው ደረጃ ነው። ከነሲሚንቶው፣ ከነብረት መደገፊያው፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ደጃችን ቆሟል።

«ምን ልርዳህ?» አልኩት፤ ተቀይሜዋለሁና ግባ አላልኩትም።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ያን ቀን ታች ስትቀሪ ልቤ ተሰበረ።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን ዝም አልክ?»

«ማን አናግሮኝ ያውቃል? ይረግጡኛል እንጂ» አለና ማልቀስ ጀመረ።

አንጀቴን በላው። ግባ አልኩት። ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተንጋለለና እንደ ሰሌን ጠፍጣፋ ሆነ። ስንዱ ውሃ አቀረበችለት።

«ፈልቷል?» ብሎ ጠየቀ።

«ፈልቷል።»

«እንግዲያው እጠጣለሁ። ጊዜው ክፉ ነው።»

ቀና ስል ከበራችን እስከ ድልድዩ ድረስ ሰልፍ አየሁ። ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛው፣ ሁሉም በእጁ ቆሞ እኔን ለመከተብ ወረፋ ይጠብቃል። ነጭ ጋውናቸው ተገልብጦ ፊታቸውን ሸፍኖታል። የደከማቸው ወረፋቸውን በድንጋይ ይዘው ጥላ ሥር አረፍ ብለዋል።

«እኔ ነኝ የቀደምኩ! ድንጋዬ ያውና!» ይላል አንዱ።

«ያ ድንጋይ የኔ ነው!» ይላል ሌላው።

አንድ ሸበቶ ሐኪም ወደ እኔ ተጠጉ። «እመቤት፣ ከሌሊት ጀምሬ ነው የቆምኩት። እባክሽ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ልከትብሽ።»

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ፊቴን አኮሳተርኩ። «ሲስተም የለም» አልኳቸው።

«መቼ ልመለስ?»

«ነገ ይምጡ።»

«ነገማ ዓርብ ነው፣ ክትባቱ ዛሬ ያበቃል!»

«እኔ ምን ላድርግዎት? ከላይ የመጣ መመሪያ ነው።»

አቤት ሥልጣን ሲጥም! ሸበቶው ሐኪም አንገታቸውን ደፍተው ወደ ኋላ ተመለሱ። ያኔ ደነገጥኩ። አንቺ ሞኝ፣ ክትባቱን የምትፈልጊው አንቺ፣ የምታባርሪያቸው አንቺ! «ኧረ ይመለሱ! ሲስተሙ መጥቷል!» ብዬ ጮህኩ። ሐኪሙ ግን ዶሮ ሆነው አጥር ዘለው ነበር።

ከሰልፉ ውስጥ ያቺ ነርስ ወጣች። ያቺው፣ ከፎቁ ላይ የጮኸችብኝ። ተንበርክካ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከኋላዬ ጌጡ ቆሟል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል በእግሩ የቆመ እሱ ብቻ ነበር። ሕዝቡ አንጋጦ ያየዋል። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠችለት።

ነርሷ ወደ እሱ በአገጯ እያሳየች እኔን ጠየቀችኝ። «ወንድምሽ ነው? ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«ብቻውን ይበላል?»

«ደህና አድርጎ!»

«ከተወለደ ጀምሮ ነው እንዲህ ቀጥ ብሎ የሚሄደው? ይህን የመሰለ ልጅ! ወይ ፈተና።»

ጌጡ አቀርቅሮ ሱሪውን ወደ ታች ይጎትታል። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና «እታለም፣ ቆሜ መሄዴ ያስጠላል እንዴ?» አለኝ።

«እኛ ለምደንሃል» አልኩት። ወዲያው ግን አሳዘነኝና እጁን ያዝኩት። ያን ቀን ደረጃው ሥር እኔም ቀሚሴን እንዲሁ ወደ ታች እጎትት ነበር።

ነርሷ እጇን በሳሙና ታጠበች። አልቸኮለችም። «ስምሽን ንገሪኝ» አለችኝ። እኔን ነው የጠየቀችው!

«የውብዳር።»

«የውብዳር፣ ይህ የኮሌራ ክትባት ነው። አፍሽ ውስጥ ነው የምጨምቅልሽ። ትንሽ ይመራል። ወንበር ላይ ልደግፍሽ ወይስ እዚሁ እንዳለሽ ይመችሻል?»

«እዚሁ ይመቸኛል።»

«ፈቃድሽ ነው?»

ወገኖቼ፣ አለቀስኩ። ይህን ያህል ዕድሜ ስኖር ተሸክመውኛል፣ አውርደውኛል፣ ጥግ አስቀምጠውኛል፣ ከንፈር መጥጠውልኛል። ፈቃድሽ ነው ወይ ያለኝ ግን የለም። እንባዬም ሽቅብ ነው የፈሰሰው፤ በግንባሬ አልፎ ፀጉሬ ውስጥ ገባ።

«ፈቃዴ ነው» አልኳት።

«አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ትንሿን ብልቃጥ ከፍ አደረገች። ደረጃው ከተኛበት ቀና ብሎ ያያል። ጋሽ ደጀኔ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ነርሷ ልትጨምቀው ስትል ከራሴ በላይ ወደ ግቢው ተመለከተችና «ሌላ ሰው አለ?» አለች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ለኔ!» አልኳት።

አልሰማችኝም። «ሌላ ሰው አለ?»

«እዚህ ነኝ እኮ! አፌን ከፍቼ!»

ድምፄ አልወጣ አለ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ተገልብጠው በእግራቸው ቆሙ። ራሶቹ ሁሉ ከፊቴ ተነስተው ወደ ላይ ራቁ፤ ጉልበትና ጫማ ብቻ ቀረኝ። ሽቅብ የወጣው ውሃ ከሰማይ መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ ጭቃው ወረደ።

«ሌላ ሰው አለ?»

«አለሁ!» አልኩ ባለ በሌለ ኃይሌ። «አለሁ! አለሁ!»

በራሴ ጩኸት ነቃሁ። ፍራሼ ላይ ነኝ፣ አፌ እንደተከፈተ። ከግቢው በር በኩል የስንዱ ድምፅ ይመጣል።

«የለም፣ ይኸው ነን» ትላለች። «እግዜር ይስጥልን። በሉ ደህና ዋሉ።»

ከፍራሹ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ወጣሁ። ግቢው ላይ እስከ በሩ ድረስ ውሃ ተኝቷል፣ የሌሊቱ ዶፍ ከሽንት ቤቱ ጋር ተቀላቅሎ። ልዞር ብል ይርቅብኛል። ሰንጥቄው አለፍኩ፤ ክርኔ ድረስ ገባሁበት። «ቆዩ! እኔ አለሁ! እኔ ቀርቻለሁ!» እያልኩ ከበሩ ስደርስ ሁለት ነጭ ጋውን ድልድዩን ተሻግሮ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ይጮኻል። ማን ይስማኝ?

በራችን ላይ በነጭ ጠመኔ የ«ተጠናቋል» ምልክት ተደርጓል። ገና አሁን የተጻፈ ነው፣ የበሩ እርጥበት ግን እየበላው ነው።

ስንዱ ለመከተቧ ምልክት ጣቷ ላይ የተቀባውን ቀለም እያየች ቆማለች። ስታየኝ ክው አለች።

«ስንዱ» አልኳት፣ «ቀስቅሽኝ አላልኩሽም?»

«በሞትኩት!» ደረቷን መታች። «የውቤ፣ እመቤቴን፣ ሆን ብዬ አይደለም! ‹ሌላ ሰው አለ?› ሲሉኝ... ሰው ሲሉኝ እኮ... አንቺ ትዝ አላልሽኝም።»

እንባዋ መጣ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ፊቴን ልጠርግ እጄን አነሳሁ።

«ኧረ የውቤ!» ብላ ጮኸች፣ እጄን አፈፍ አድርጋ። «ጫማሽስ? በባዶ እጅሽ ነው የወጣሽው? በሽታ እንዳይዝሽ!»