የአስተዋዋቂው ጉሮሮ

(ናሪን፣ ፈረሰኞች የፍየል በድን የሚነጣጠቁበት የኡላክ ጨዋታ ሜዳ ዳር፣ ድንኳን ውስጥ። ውጭ ፈረሰኞቹ እየተሰለፉ ነው። የጨዋታው አስተዋዋቂ ሳፓርቤክ ድምፁ ሰልሎ የጉሮሮ ከረሜላ ይመጥጣል። ጎረቤቱ ሙካሽ የቦካ የባዝራ ወተት ይጠጣል። የሳፓርቤክ ጨቅላ ልጅ ተኝቷል።)

ሙካሽ፦ እኔ ልጅህ አፍ ውስጥ እንትፍ ብልለት ምን አለበት? ጎረቤት አይደለሁም?

ሳፓርቤክ፦ አንተ? እንትፍ የሚለው አንደበተኛ ሰው ነው፣ ልጁ እንዲወርሰው! ያንተን ምራቅ ከቀመሰማ አፉን የሚፈታው ሲያገባ ነው። ዛሬ ጨዋታውን ካስተዋወቅኩ በኋላ እኔው ራሴ እልለታለሁ።

ሙካሽ፦ በዚህ ድምፅ? እንካ፣ ጠጣ።

ሳፓርቤክ፦ ዘመኑ የሳይንስ ነው! ይሄ ከረሜላ ላይሶዛይም አለበት። የባክቴሪያን ግድግዳ ንዶ የሚገድል ኢንዛይም! ከእንቁላል ነጩ ነው የሚወጣው።

ሙካሽ፦ ታዲያ እንቁላሉን አትውጠውም?

ሳፓርቤክ፦ ነጥለው ነው የሚያወጡት፣ አንተ ደረቅ! አይብ ውስጥም ይጨምሩታል፣ እንዳይነፋ።

ሙካሽ፦ አይቡም ጉሮሮውን ያመዋል?

ሳፓርቤክ፦ (እየጮኸ) እንዳይበላሽ ነው! እንባ ውስጥም አለ፣ ምራቅ ውስጥም አለ...

ሙካሽ፦ የኔም ምራቅ ውስጥ?

ሳፓርቤክ፦ ያንተም! የውሻም!

ሙካሽ፦ የባዝራ ወተትስ ውስጥ?

ሳፓርቤክ፦ (ሳይወድ) እሱ ውስጥማ... በብዛት አለ።

ሙካሽ፦ እንግዲያው እኔም መድኃኒት ላይ ነኝ።

ሳፓርቤክ፦ (ደም ሥሩ ተገታትሮ) አንተ ወተት ላይ ነህ! ወተት!

ሙካሽ፦ እሺ፣ አትቆጣ። ከረሜላውን ያዘዘችልህ ሐኪም ሌላ ምን አለችህ?

ሳፓርቤክ፦ ከረሜላውን እየመጠጥክ፣ ጨዋታው እስኪጀመር ትንፍሽ እንዳትል አለችኝ። እኔን! እስቲ አሁን ይሄ ምክር ነው? አንደበት ያለው ሰው እንዴት ብሎ...

(«ሳፓርቤክ! ጀምር እንጂ!» የሚል ጩኸት ከውጭ ይሰማል። ሳፓርቤክ በሩ ላይ ቆሞ አፉን ይከፍታል። ትንፋሽ ብቻ። ደግሞ ይሞክራል። ምንም የለም። ሙካሽ አፉን በእጅጌው ጠርጎ ይወጣል።)

ሙካሽ፦ (ከውጭ፣ ሜዳውን በሚያናውጥ ድምፅ) እናንተ የናሪን አንበሶች! ጥቁሩ ፈረስ መጣ! ነጠቀ! ያዘው! ኧረ ያዘው!

(ሕዝቡ ያብዳል። ጨዋታው ሲያልቅ ሙካሽ ይመለሳል። ሳፓርቤክ ሕፃኑን ታቅፎ ይጠብቀዋል።)

ሙካሽ፦ ምነው?

(ሳፓርቤክ የሕፃኑን አፍ በጣቱ ያሳያል።)

ሙካሽ፦ አልገባኝም። በሳይንስ አስረዳኝ።

ሳፓርቤክ፦ (በሹክሹክታ) እንትፍ... በልለት።

ሙካሽ፦ እንትፍ! አንደበት ይስጥህ፣ ልጄ። (ወደ አባትየው ዞሮ) አንተም አፍህን ክፈት፤ ለጉሮሮህ ትንሽ ተርፋኛለች።