«እኔ ጋ ይሠራል» ባዩ ክቡር ምሩጽ

ኮምፒውተር ባለበት ቢሮ ሁሉ «እኔ ጋ ይሠራል» የሚል አንድ ሰው አለ። እሱ ከሌለ ቢሮው ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ቦሌ፣ ዙሪያውን መስታወት በሆነ ሕንፃ ውስጥ ይገኛል፤ ጉርድ ሾላ፣ ሊፍቱ ከተመረቀ ወዲህ ባልተንቀሳቀሰ ፎቅ ላይም ይገኛል። ኮምፒውተርዎ ቢጮኽ፣ ቢጨስ፣ እሪ ቢል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጥቶ ያይልዎታል። ከንፈሩን ይመጥልዎታል። ከዚያ «እኔ ጋ ይሠራል» ብሎዎት ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ሐኪም እንኳ «እኔን አያመኝም» ብሎ በሽተኛ አይሸኝም።

ለጉርድ ሾላው ቢሮ የደረሱት ክቡር ምሩጽ ነበሩ። ክቡርነቱን የሰጠቻቸው አጠገባቸው የምትቀመጠው ሔዋን ናት። ፊት ለፊት «አንተ» ነው የምትላቸው፤ ማዕረጉ ለሐሜት ብቻ የተቀመጠ ነው። ክቡርነታቸው ዕቃውን አንድ በአንድ ለቅመው በእጃቸው የገጣጠሙት ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር አላቸው። ማታ ሲወጡ በዳንቴል ይሸፍኑታል። በረከት የሚባለው ባልደረባቸው አንድ ቀን ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ቢሰካበት «ሰው ቤት ሳታንኳኳ ነው የምትገባው?» ብለውት፣ ልጁ ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ሲያልፍ እጁን ኪሱ ይከታል።

ፕሪንተሩ ወረቀት ቢያኝክ፣ «እኔ ሳዘው ያትማል።» ኢንተርኔቱ ቢንቀራፈፍ፣ «እኔ ጋ ይከፍታል።» የቢሮው ሰው ሁሉ በሻይ ሰዓት ሆዱን አሞት አንድ በአንድ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሮጥ እንኳ፣ ክቡርነታቸው ለሁሉም ያመጡትን ሳንቡሳ እየገመጡ «እኔ ደህና ነኝ» ብለዋል። የተጠየቁት ግን ሳንቡሳውን ከየት እንዳመጡት ነበር።

ጣጣው የጠናው የፎቶው ፕሮግራም ሲመጣ ነው። የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ ሐቁን እንናገር ከተባለ ድንቅ ሥራ ነው። የተጨማደደ፣ ሻጋታ የበላው ፎቶ ይሰጡታል፤ አጥርቶና አሳድጎ ይመልሳል። ይህን ከባድ ሥራ ከውስጥ የሚሠራው ግን ሌሎች አዘጋጅተው ያስቀመጡት፣ «ላይብረሪ» የሚባል ኮድ ነው፤ ይኼ ላይብረሪ ደግሞ ጠባይ አለው። በየማሽኑ ልክ የተሰፋ ነው፦ ለዊንዶውስ ሌላ፣ ለማክ ሌላ፣ ለሊኑክስ ሌላ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ከኢንተርኔት አውርዶ እዚያው መጫን አለበት።

ክቡርነታቸው ደግሞ ያደጉት ፍላሽ በነገሠበት ዘመን ነው። ያኔ ፊልሙም፣ ጨዋታውም፣ ፕሮግራሙም ከጓደኛ ኮምፒውተር በፍላሽ ተገልብጦ ነበር ወደ ቤት የሚገባው። ማውረድ ለሳቸው የሀብታም ቅብጠት ነው። ስለዚህ ሙሉውን ፎልደር፣ የራሳቸውን ማሽን ላይብረሪ ጨምረው፣ በፍላሽ ያድላሉ። «ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። ገልብጦ መክፈት ብቻ ነው።» በረከት ማኩ ላይ ገለበጠው፤ እምቢ አለ። ሊኑክስ የሆነው ሰርቨርም እምቢ አለ። ነገሩ የሰው ጥርስ ተውሶ ቆሎ መቆርጠም ሆነ። ሔዋን «ምሩጽ፣ ይኼ ነገር እኮ አይገለበጥም፤ ለየማሽኑ ራሱን ችሎ ነው የሚጫነው» ብትላቸው፣ «ፍላሽ ዋሽቶኝ አያውቅም» አሏት። ምን ይባላል!

ፕሮግራሙን መጀመሪያ የገዛችው ሰሚት ኮንዶሚኒየሞቹ ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ያላት ሰብሊ ናት። ክቡርነታቸው በገዛ ኮምፒውተራቸው ላይ አንድ የተበላሸ ፎቶ ሲያድኑ አይታ፣ አፏን በእጇ ይዛ ነበር የሄደችው። እንድትጭንላት የተላከችው ሔዋን ነች። ብልጥ ነኝ ብላ ፍላሹን ለወጉ ያህል ተቀብላ፣ እዚያው ከኢንተርኔት አወርዳለሁ ብላ አስባ ሄደች።

ስትደርስ የመንገድ ቆፋሪዎች ኬብሉን በጥሰውታል፤ ኢንተርኔት የለም። በስልኳ ሞከረች፤ ግማሽ ይደርስና ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ይቆማል። የሰብሊ ኮምፒውተር ደግሞ ማክ ነው። ተስፋ ቆርጣ ፍላሹን ሰካች። ማኩም እንደ ወንድሙ፣ እንደ በረከት ማክ፣ እምቢ አለ።

ወንበር ላይ ጥቁር የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። አፀደ ትባላለች። አባቷ አቶ ወልደጻድቅ ትላንት አርፈዋል፤ ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በእጇ አንድ ያረጀ ፎቶ ይዛለች፦ የመንገድ ሥራ ባልደረቦች ግሬደር ፊት ተደርድረው። አቶ ወልደጻድቅ ጥግ ላይ ናቸው፤ ፊታቸው የሽንብራ ፍሬ ታክላለች፤ እሷንም ሻጋታ ይዟታል።

«ሌላ የላቸውም» አለች አፀደ። «ካሜራ ሲያዩ ሹልክ ይሉ ነበር። ሁለት ፎቶ ቤት ዞሬ አይወጣም ብለው መልሰውኛል። እናቴ ግን ከትላንት ጀምሮ ‹ፊቱን አምጡልኝ፤ ፊቱ ሳይቀድመው አይወጣም› እያለች ነው።»

«አዲሱ ፕሮግራም ያወጣዋል ብዬ እኮ ቃል የገባሁላት በናንተ ተማምኜ ነው!» አለች ሰብሊ ሔዋንን በዓይኗ እየበላቻት። «አሁን ምን ልበላት?»

ሔዋን ወደ በረንዳው ወጥታ ደወለች።

«ምሩጽ፣ እምቢ አለኝ።»

«ገልብጠሽዋል?»

«ገልብጬዋለሁ።»

«እኔ ጋ ይሠራል።»

«አንተ ጋ እንደሚሠራማ አገር ያውቃል!» ብላ ጮኸች ሔዋን። «ሰውየው ግን አንተ ጋ አይቀበሩም!»

ከዚያ ክቡርነታቸው፣ በቢሮው ታሪክ ተሰምቶ በማያውቅ ቀጭን ድምፅ፣ «መብራት ጠፍቷል። አሁን እኔም ጋ አይሠራም» አሉ። ሔዋን ተናድዳ እንደነበር ረስታ አዘነችላቸው።

«ማነው የሞተው?»

«አቶ ወልደጻድቅ ይባላሉ። አታውቃቸውም።»

«እዚያ መብራት አለ?»

«አለ።»

ስልኩ ተዘጋ። ደግማ ብትደውል አይነሳም። ሰብሊ ለአፀደ ውኃ ሰጠቻት። ሔዋንም አጠገቧ ተቀምጣ «እግዜር ያጽናሽ» አለቻት፤ ትንሽ ቆይታም ደገመችው። ሰዓቱ መሄዱን አልተወም።

ስድስት ሰዓት ሲጠጋ አንድ ሚኒባስ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ «ቀስ በሉ! ቀስ! ይኼን ነገር ከነካችሁበት ጋሼ ይበሉናል!» እያለ መንገድ ያስለቅቃል። ከኋላው ክቡር ምሩጽ ወረዱ። ጥቁሩን ኮምፒውተር በኮታቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። ሊፍት ከሌለው ፎቅ በጨለማው ደረጃ ተሸክመውት ወርደው፣ እስከ ሰሚት ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው የመጡት። ሸሚዛቸው ላባቸውን ጠጥቶ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። ለማንም ሰላም ሳይሉ «ሶኬት የታለ?» አሉ።

ኮምፒውተሩ ተሰካ። ሰብሊ ፎቶውን ስካን አድርጋ ሰጠቻቸው። ክቡርነታቸው ከጥጉ የሽንብራዋን ፍሬ ቆርጠው አወጡና ፕሮግራሙን አዘዙት። መጀመሪያ ግንባር መጣ፤ ከዚያ ቅንድብ። ሻጋታውን ከአቶ ወልደጻድቅ ጉንጭ ላይ በጥቂት በጥቂቱ አነሱት። አፍ መጣ። አፀደ ከወንበሯ ተነስታ ወደ ስክሪኑ ቀረበች።

«እየሳቁ ነው እንዴ?» አለች። «አባዬ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ፎቶው ዕድሜዬን ሙሉ ቤታችን ነበረ፤ እኔ ግን መሳቃቸውን አላየሁም።»

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጨርቁ ርጥብ ስለነበር የባሰ አደበዘዙት።

ፎቶው ታትሞ ፍሬም ገባ። ትልቅ ስለሆነ ክቡርነታቸውና ሔዋን ግራና ቀኝ ይዘው ከአፀደ ጋር መንገዱን ተሻገሩ፤ ኮምፒውተሩን ሰብሊ ጋ ትተውት ሄዱ። ድንኳኑ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ነው። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ደብሪቱ ፎቶውን ሲያዩ ለቅሷቸውን ገቱ። እጃቸውን ዘርግተው መስታወቱ ላይ አፉን ዳሰሱት።

«ወልዴ» አሉ ቀስ ብለው። «ስንጋባ እንዲህ ነበር የሚስቅልኝ።» ቀጥሎ ቀና ብለው ክቡርነታቸውን አዩ። «ያመጣኸው አንተ ነህ?»

«ኧረ እኔ... ማሽኑ ነው እንጂ...» ብለው ተንተባተቡ።

«ወንድ ልጅ የለንም። አንተው ያዝልኝ፤ ፊት ፊት ሂድለት።»

ሰዓቱ ደርሶ ሬሳው ሲወጣ፣ ክቡር ምሩጽ ኮታቸውን አራግፈው ለብሰው፣ የማያውቁትን ሰው ፊት ደረታቸው ላይ ይዘው ለቀስተኛውን መሩ። አስፋልቱ የተቆፈረበት ጋ ሲደርሱ አንድ እግራቸውን አስቀድመው እየሞከሩ፣ ፎቶውን ወደ ላይ ከፍ እያደረጉ ተራመዱ። ሔዋን ከኋላ እየተከተለች አለቀሰች። ለአቶ ወልደጻድቅ ይሁን ለሌላ አላወቀችም።

አጠገቧ የሚሄዱ የእድሩ ሽማግሌ ጎንበስ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ያ ፎቶ የያዘው ሰው ማነው? የሟች ዘመድ መሆኑ ነው? እዚህ አይቼው አላውቅም።»

ሔዋን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«አይደለም፣ አባባ» አለቻቸው። «የእኔ ነው።»