የሻጋታ ቀላቢዋ ክብርት መስኡዳ

በየከተማው «ቀላል ነው፣ ላስረዳዎት» የምትል አንዲት ሰው አትጠፋም። እሷ ካስረዳችህ በኋላ ቀድሞ የምታውቀውም ይጠፋብሃል። የሐይቅ ከተማዋ ክብርት መስኡዳ ናት፤ ሥራዋ ላቦራቶሪ ውስጥ ሻጋታ መቀለብ ነው። ጎረቤቴ ሀውራ እርጎዋ ለምን እንደሚጎመዝዝ አንድ ቀን ጠየቀቻት፤ ከዚያ ወዲህ እርጎ አትቀምስም።

እኔን ወደሷ የወሰደኝ በርበሬዬን የሚገዛኝ የደሴ ነጋዴ ነው። «ሻጋታ የበዛበት በርበሬ አልነካም፣ አስመርምረህ ና» አለኝ። የዓመት ልፋቴ ነውና ናሙናውን በፌስታል ቋጥሬ ከውጫሌ ሐይቅ መጣሁ። ክብርት መስኡዳ እንደ ሙቅ የረጋ ነገር በትናንሽ ሳህን አፍስሳ ደርድራለች።

«ይሄ የሻጋታና የእርሾ ምግብ ነው። ባክቴሪያ እንዳይሻማቸው መድኃኒት ጨምሬበታለሁ።»

«ልጄ፣ እኔ ሻጋታ አይኑር ስል አንቺ ድግስ ትደግሽለታለሽ?»

«ቀላል ነው፣ ላስረዳዎት። በርበሬው ውስጥ ካለ እዚህ ይበቅላል።»

«ባክቴሪያውስ?»

«እሱን ዛሬ አንፈልገውም።»

«ምን አጠፋ?»

በርበሬውን በጥብጣ ሳህኖቹ ላይ ዘራች፤ አንዱን ብቻ ለማነጻጸሪያ ባዶውን ተወችው። ክዳን ሳትገጥም ስልኳ ጮኸና «እንዳይነኩ!» ብላ ወጣች። ወላሂ አልነካሁም! ግን የተዘራ ነገር አይቶ ሳይመርቁ ማለፍ በእኛ አገር ነውር ነው። ጎንበስ ብዬ «ያለምልምልሽ፣ ያፋፋልሽ፣ እትፍ እትፍ!» አልኩ። ባዶውንም አልነፈግኩትም።

ከቀናት በኋላ ስመለስ ሳህኑ ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኗል።

«በርበሬዬ አለቀለት?»

እሷ ባዶው ሳህን ላይ አፍጣለች። «በርበሬ ያልነካውም በቅሏል። ጋሽ አሕመዲን፣ ምን አደረጉ?»

«መረቅኋ!»

«በምን?»

«በአፌ ነዋ፣ በምን ይመረቃል?»

«አፍዎ ውስጥ እኮ እርሾ አለ!»

«ምነው ልጄ፣ ቡሖ ነኝ እንዴ?»

«ባክቴሪያም አለ፣ እሱን መድኃኒቱ ከልክሎታል።»

የገዛ አፌ እንግዳ ሞልቶበት እኔ አለመስማቴ! ታባርረኛለች ብዬ ጫማዬን ሳይ፣ ሁሉንም ደፍታ የሻጋታውን ምግብ እንደ አዲስ ማፍላት ጀመረች። ዘርታ፣ ክዳኑን ገጥማ፣ በሩን ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አሁን ተከድኗል። ይመርቁልኝ።»

እጄን ዘረጋሁና ግራ ገባኝ። «እንዲበቅል ነው እንዳይበቅል?»

«ቀላል ነው...» ብላ ጀመረች። ሳህኖቹን አየች፣ እኔን አየች።

«እኔንጃ» አለች። «እኔን ይመርቁኝ።» አንገቷን ደፋች፤ መረቅኋት።

በሳምንቱ ጥቂት ሻጋታ በቅሎ አገኘሁ። «በርበሬዎ አልፏል!» አለችኝ። ሻጋታ እያለበት እንዴት እንዳለፈ አስረድታኛለች፤ አልገባኝም። በርበሬው ግን ተሸጠ። ዛሬም ደሴ ስሄድ፣ መኪናው ሐይቅ ሲደርስ በመስኮት እጄን ወደሷ በር ዘርግቼ «ያለምልምሽ» እላለሁ። ከሩቅ ነው፣ ያለ ምራቅ።