ምርኩዝ የለመደ ቧንቧ

በእኛ አገር «ለጊዜው» ከተባለ ነገር የበለጠ ዕድሜ ያለው ምን አለ? ለጊዜው የታጠረ ቆርቆሮ ልጅ አሳድጎ ይድራል። ለጊዜው የተመደበ ኃላፊ ከዚያው ወንበር ላይ ጡረታ ይወጣል። እናንተ ቤትም አንድ አይጠፋም፤ ፈልጉ።

ሙያዬ የቧንቧ ማንጠልጠያ መንደፍ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ፎጣ የሚሰቀልበት ይመስለዋል። እኔ የምነድፈው ግን በፋብሪካ ጣሪያ ሥር የሚያልፈውን ከባድ ቧንቧ አንጠልጥሎ የሚይዘውን ብረት ነው። ባለፈው ክረምት ወሰን ሰፈር ወዳለች አንዲት ትንሽ የሳሙና ፋብሪካ ተጠራሁ። የእንፋሎት ቧንቧዋ ከእንጦጦ በወረደ የባሕር ዛፍ አጣና ተደግፎ ቆሟል። ለጊዜው። ስምንት ዓመት። አንደኛው አጣና ከእግሩ በስብሷል፤ ከሥሩ ወይዘሮ ጫልቱ ተቀምጠው ሳሙና ይጠቀልላሉ።

ባለቤቱ ጋሽ ሽኩር ደግ ሰው ናቸው፤ ክፋታቸው ብየዳ መውደዳቸው ነው።

«አጣናውን አንሣና ከጣሪያው ብረት ጋር ግጥም አድርገህ በይደው» አሉኝ።

ቧንቧ ሲግል ይረዝማል። ጠፍሮ የያዘውን ይሰብራል፣ አለዚያም ራሱ ይሰበራል። ስለዚህ አግድም ለሚሄደው ወዲያ ወዲህ የሚል ዘንግ፣ እንፋሎቱን ከሚያፈላው ቦይለር ሽቅብ ለሚወጣው ደግሞ ሲጫኑት የሚተጣጠፍ የብረት ሞላ ያለው ማንጠልጠያ መረጥኩ። የቧንቧውንና የሽፋኑን ክብደት ደመርኩ፤ ለፍተሻ ውኃ ሲሞላ የሚጨምረውንም አልረሳሁም።

ጋሽ ሽኩር ሞላውን በጣታቸው ተጫኑት። «ይሄ እኮ ይንቀሳቀሳል።»

«እንዲንቀሳቀስ ነው የመረጥኩት።»

«እንግዲያው አጣናው ለጊዜው ይቆይ።»

ደሜ ፈላ። አጣናው ከሥር ከገተረ ሞላው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። አጣናው ካልወጣ ሥራው አልቋል ብዬ አልፈርምም አልኩ። ለመኑኝ፣ ተቆጡኝ፣ ሽማግሌ ላኩብኝ፤ ንቅንቅ አላልኩም። በሳምንቱ ማንጠልጠያው ተገጥሞ አጣናው ወጣ፤ ቧንቧውም በውኃ ተፈትኖ አለፈ።

እንፋሎቱ የሚለቀቅ ዕለት ግን ሠራተኛው ሁሉ አጣና የሌለው ቧንቧ ይወድቅብናል ብሎ በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። የወይዘሮ ጫልቱን በርጩማ ሳብኩና እዚያው ከቧንቧው ሥር ተቀመጥኩ። ቧንቧው ቋ አለ፣ ሁለት ጣት ያህል ተንፏቀቀ፣ ሞላው እጥፍ ብሎ ተቀበለው። ከዚያ ዝም። ሠራተኛው አጨበጨበ። ጋሽ ሽኩር ትከሻዬን ይዘው «ወንድ ነህ» አሉኝ። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ደረቴ ተነፋ።

ወይዘሮ ጫልቱ ሽርጣቸውን አስረው አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ ከጨረስክ ቦታዬን ልቀቅልኝ» አሉ። «ስምንት ዓመት ስቀመጥበት ያጨበጨበልኝ የለም።»

ተነሣሁላቸው።